ጨው ያለበት ኩኪስ

ስለ ፍቅር የሚያወራ ሰው በዚህ ከተማ ሞልቷል። ፍቅር በትሪ ተደርድሮ ምድጃ ውስጥ ሲገባ፣ ጠርዙ ቀላ ብሎ ሲወጣ፣ ከዚያም ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ሲቀዘቅዝ በዓይኑ ያየ ግን እኔ ነኝ። ሀብተሚካኤል እባላለሁ። ከቃሊቲ እስከ ገላን ኮንዶሚኒየም ድረስ «የጋሼ ሀብቴ ዳቦ ቤት» ካላችሁ ውሻ እንኳ ይመራችኋል። ምድጃዬ ሲከፈት ሽታው ደብረ ዘይት ደርሶ ሰው ከእንቅልፉ ያስነሳል ይባላል። የሚለው እኔ ብሆንም እስካሁን የተከራከረኝ የለም።

ይህ የምነግራችሁ ግን የሁለት በጣም የደከሙ ልጆች ታሪክ ነው።

ሮዳስ እኔ ዘንድ ጋጋሪ ነበረች። ወፍ ሳይንጫጫ ትገባለች፤ ሊጡን ታቦካለች፤ ዳቦው ሲያልቅ ኬኩን፣ ኬኩ ሲያልቅ ኩኪሱን ትይዛለች። እንደሷ ያለ እጅ በአፍሪካ የለም፤ ከአፍሪካ ውጭ ያለውን ስላላየሁ ነው የማልናገረው። እናቷ በላይነሽ ካረፈች ወዲህ የአባቷ ቤትም በሷ ትከሻ ላይ ነበር። አባቷ አቶ ካሳሁን የምድር ባቡር ሰው ናቸው። ባቡሩ ቆመ፣ እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ ሚስታቸው ሞተች። ከዚያ በኋላ አቃቂ ጣቢያው አጠገብ ካለችው አሮጌ ቤታቸው ለቀብርና ለቤተ ክርስቲያን ካልሆነ ወጥተው አያውቁም።

ዘመኑ የኮንዶሚኒየም ዘመን ነበር። ሰው ሲገናኝ «እንደምን አደርክ» ቀርቶ «ዕጣ ወጣልህ?» ነበር የሚባባለው። የወጣለት ሩቅ ይሄዳል፣ ያልወጣለት ይጠብቃል፤ ሁለቱም ጠዋት ጠዋት አንድ ሰልፍ ላይ ይገናኛሉ። ሁሉም ሰው ደክሞት ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሚያንኮራፋ ሰው አይቻለሁ። ረዳቱ «ወራጅ አለ!» ሲል አብሮ የወረደው በእንቅልፍ ልቡ ነው።

ሶሬሳም ከነዚህ አንዱ ነበር። ምስማር ፋብሪካ አዳር ይሠራል፤ የፋብሪካው ሰርቪስ ጠዋት ደጄ ላይ ያወርደዋል። ረጅም ነው። ጆሮው ውስጥ ማሽኑ እየጮኸ ስለሚያድር ሰው ሲያናግረው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ያ ዘንበል ማለቱ ነው መሰለኝ ነገሩን ሁሉ ያበላሸው።

የመጀመሪያው ቀን የኬኩ መደርደሪያ መስታወት ፊት ቆሞ ብዙ አየ።

«ምን ልታዘዝ?» አለችው ሮዳስ።

«እኔ እንጃ።»

«ዳቦ?»

«ዳቦ አይወርድልኝም።»

«ኬክ አለ።»

«ጣፋጭ አሁን ያቅለሸልሸኛል።»

«ሳምቡሳስ?»

«ጨውም… ይቅርታ እህቴ። አዳር ሠርቼ ስወጣ አፌ የኔ አይደለም። ጣፋጭም ጨውም ያልሆነ… ወይም ሁለቱንም የሆነ ነገር… እንዲህ ያለ የለም አይደል?»

ሮዳስ አየችው። እሱም አያት። ያን ዝምታ ሚዛን ላይ ብታወጡት ኩንታል ይደፋል። ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች እንኳ ዘንቢላቸውን ይዘው ጸጥ አሉ።

«ነገ ና» አለችው።

ከሄደ በኋላ ጠጋ አልኳት። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዳቦ ቤት ነው ወይስ ፋርማሲ?»

«ጋሼ፣ የራበው ሰው ምን እንደራበው ካላወቀ ማን ይፈልግለት?» አለችና ዱቄት ወደ መንፋት ተመለሰች።

በማግስቱ ስኳር ባለው ሊጥ ላይ ጥቁር አዝሙድ ነስንሳ ጋገረች። ሶሬሳ መጣ፤ ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ አንዱን ገመጠ።

«እንዴት ነው?» አለችው፤ ፎጣዋን በሁለት እጇ እንደያዘች።

ግንባሩ ጠረጴዛው ላይ አርፏል። እያኘከ ተኝቷል።

ከዚያ በኋላ በየጥቂት ቀኑ አዲስ ነገር ነበር። አይብና ስኳር። ማርና ጨው። አንዴ ደግሞ ሚጥሚጣ በማር፤ ያንን እኔ ነኝ መጀመሪያ የቀመስኩት፤ አቃቂ ወንዝ እስክደርስ ግን አልቆምኩም። እሱ ግን ሚጥሚጣውንም በልቶ ተኛ። ሮዳስ ከጣቶቹ መሃል የቀረውን ቁራሽ ቀስ ብላ ታወጣለች፤ የጠዋቱ ፀሐይ ፊቱ ላይ እንዳይወድቅበት መጋረጃውን ትስባለች፤ ወደ ምድጃዋ ትመለሳለች።

አንዷ ደንበኛዬ፣ እትዬ ጠጄ፣ ደንግጣ «ሞተ እንዴ?» አለች።

«ደክሞት ነው እትዬ» አለች ሮዳስ። «አይጩሁበት።»

«እኔስ? እኔስ አልደከመኝም?»

«እርስዎም ይቀመጡ።»

እትዬ ጠጄ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ እሷም አንቀላፋች። በዚያ ሰሞን ቤቴ ዳቦ ቤት ይሁን አልጋ ቤት እኔም አላውቅም ነበር።

አንድ ጠዋት ሶሬሳ ከቦርሳው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አወጣ። አዳር ይዞት የሄደውና ሳይነካ የመለሰው ስንቁ ነው።

«ምንድን ነው?» አለችው።

«ጭኮ። እናቴ ናት የምትሠራልኝ። ገብሱን ትቆላለች፣ ታስፈጫለች፣ በንጥር ቅቤ ታሸዋለች። ጨው አለው፣ ኮረሪማ አለው። ውሰጂ፣ ቅመሺ።»

በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ ቀመሰች። ዓይኗ ቆመ። እኔ ያንን ዓይን ከዚያ በፊት ያየሁት ሊጥ ልክ ሲመጣላት ብቻ ነው።

«ገብሱ ከየት ነው?»

«ድሮ ከራሳችን ነበር። አሁን ከገበያ።»

«መሬታችሁስ?»

«አራተኛ ፎቅ ደርሷል» አለ ሶሬሳ፤ ፈገግ ብሎ። ፈገግታው ግን አልጠናም።

ቤተሰቦቹ ኮዬ ፈጬ ላይ ገበሬ ነበሩ። አባቱ አቶ ጉተማ አሁን እዚያው መሬታቸው ላይ ከተሠሩት ሕንፃዎች አንዱን ሌሊት ሌሊት ይጠብቃሉ። አባትም ልጅም አዳር ስለሆኑ ጠዋት በር ላይ ነው የሚገናኙት፤ እናቲቱ እትዬ አደሴ ለሁለቱም አንድ ጊዜ በር ትከፍታለች።

ሮዳስ የገብስ ዱቄት ጠይቃ አመጣች። ቅቤውን እትዬ አደሴ ራሷ ላከች። ስኳር ጨመረች፣ ጨው ጨመረች፣ ኮረሪማውን ሰለቀች። ያ ኩኪስ ከምድጃ ሲወጣ ቃሊቲ አደባባይ ላይ መኪና ቆመ ብላችሁ አታምኑኝም፤ ግን ቆሟል።

ሶሬሳ ገመጠ። ሮዳስ ፎጣዋን ይዛ ቆማ እንቅልፉን ጠበቀች።

አልተኛም። ቀስ እያለ አኘከ። ዋጠ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አያት።

«አንድ ነገር ጎድሎታል» አለ።

«ምን?»

«ካገባሽኝ በኋላ ነው የምነግርሽ።»

እኔ ባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ሻይ አነቀኝ። ሮዳስ ፊቷ እንደ ኩኪስ ጠርዝ ቀላ። «ደክሞሃል» አለችው። «ሂድና ተኛ።»

«ደክሞኛል። ተኝቼ ብነሳም ግን ያው ነው የምለው።»

«ተኝተህ ስትነሳ ድገመው እንግዲህ።»

ሄደ። ተኛ። ከሰዓት በኋላ ፊቱን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣና ያንኑ ቃል ደገመው። እኔ ምስክር ነኝ። ሮዳስ የገብስ ኩኪስ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችውና «ለእናትህ» አለች። በኛ ሰፈር ከዚህ በላይ እሺ የለም።

አሁን ወደ እኔ መጣን። ሶሬሳ ሽማግሌ ይሁኑልኝ ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። በሰው ምርጫ አልተሳሳተም። እኔ ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ ያልተሳካ ጋብቻ የለም፤ አማላጅነቴ ቢያስፈልግ የቆመውን ባቡር እንኳ አስነሳለሁ። ሁለተኛው ሽማግሌ ዱቄት ነጋዴው ረሻድ ነበር፤ ንግግር ያውቃል። ሦስተኛው የሶሬሳ አጎት ያደታ።

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ የሄደበት ቤት መልስ ሳይሰማ እህል ውኃ አይቀምስም። ቢያቀርቡለትም እጁን ይሰበስባል። የቀመሰ እንደሆነ ወይ ንቆ ነው፣ ወይ እሺታውን በጉልበት እንደወሰደ ይቆጠራል። የልጅቷ አባት ደግሞ በአንድ ቀን እሺ አይልም፤ ቀጠሮ ይሰጣል። ሦስተኛው ላይ ግን ነገሩ ይለይለታል። ሦስት ጊዜ የተመለሰ ሽማግሌ አራተኛ አይሄድም፤ ልጁም ያንን ደጅ ከእንግዲህ አይረግጥም።

የመጀመሪያው እሑድ ሄድን። ሮዳስ አንገቷን ደፍታ የገብሱን ኩኪስ በነጭ ሳህን አመጣችና ፊታችን አስቀመጠች። ሽታው! ረሻድ ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት። እኛ ግን እጃችንን ሰበሰብን። አቶ ካሳሁን ጋቢያቸውን አጥብቀው «ዘሩን እንጠይቃለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አሉ።

ተመለስን። ያው ሳህን፣ ያው ሽታ። «አጎቷ ድሬዳዋ አለ። እሱን ሳላማክር አልችልም» አሉ። ሳህኑ እንደሞላ ገባ። እኔ መንገድ ላይ ሆዴ እንደ ከበሮ ሲመታ የሰፈር ልጆች እስክስታ ሊጀምሩ ምንም አልቀራቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ልጆች ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ሻይ ቀዝቅዟል።

«አባትሽ አልወደዱኝም» አለ ሶሬሳ።

«አባዬ አላየህም እኮ። እንዴት ይጠላሃል?»

«ሦስተኛ ከመለሱን ከዚያ በኋላ መምጣት የለም፣ ሮዳስ። የተመለሰ ሰው ካንቺ እጅ ሻይ ሲጠጣ ምን ይባላል?»

ጣቷን በብርጭቆው አፍ ላይ ታዞራለች። «አባዬ መብራት አያጠፋም» አለች ቆይታ። «እናቴ ከሞተች ጀምሮ። ሰው ይመጣ ይመስል ወንበሩ ላይ ያድራል። ጠዋት ስወጣ ነቅቶ ነው የማገኘው፤ ማታ ስገባም ነቅቶ። ማን ጋ ትቼው ልውጣ?»

«ትተሻቸው ነይ አልልሽም።»

«አውቃለሁ። አለማለትህ ነው የሚያደክመኝ። ነይ ብትለኝ እቆጣህ ነበር።»

እሱ ተኛ፤ እሷ መጋረጃውን ሳበች።

ሦስተኛው እሑድ ደረሰ። ያደታ የሚስቱ ወገን ሞቶበት ጠዋቱን ወደ ቀብር ሄደ። ሁለት ሰው ሽማግሌ አይሞላም። የልጅ አባት ለልጁ ሽማግሌ ሆኖ መሄዱ የተለመደ ባይሆንም ሌላ ሰው አልተገኘምና አቶ ጉተማ ከጥበቃ እንደወጡ፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በሚኒባስ መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ካፖርታቸው ላይ የሌሊቱ ጤዛ ገና አልደረቀም።

«ትንሽ ይረፉ» አልኳቸው።

«ከጨረስን በኋላ» አሉ።

ሶሬሳ ራሱም ከአዳር ወጥቶ ነበር። ቤቱ ሄዶ ለመጠበቅ ልቡ እምቢ አለውና ዳቦ ቤቴ ውስጥ፣ የዱቄት ኬሻ ላይ ተቀመጠ። «እዚህ ሆኜ እጠብቃችኋለሁ» አለ። ቃሉን ሳይጨርስ ወደ ጎን ተጋደመ።

የአቶ ካሳሁን ቤት ጠባብ ናት፤ ግድግዳው ላይ የባቡር ኮፍያቸው ተሰቅሏል። በቀን ብርሃን አምፖሉ በርቷል። ሮዳስ ሳህኑን አቶ ጉተማ ፊት አስቀመጠች። ወደ ጓዳ ገባች። ከመጋረጃው ሥር የእግሯ ጣቶች ይታያሉ፤ አልተንቀሳቀሱም።

ረሻድ ንግግሩን ጀመረ። ረሻድ ሲናገር ድንጋይ ይለዝባል፤ ጉዳቱ ድምፁ ለስላሳ ነው። ስለ ልጁ ጨዋነት፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ጉርብትና ያወርደዋል። አቶ ካሳሁን መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ፊታቸውን አይቼ አወቅሁት፤ መልሱ ዛሬም ያው ነው። አንገታቸው «አይሆንም» ለማለት የተዘጋጀ ሰው አንገት ነበር።

ያኔ ነው በጎኔ በኩል አንድ ድምፅ የሰማሁት። ቀሽ።

ዞር አልኩ። አቶ ጉተማ ዓይናቸው ተጨፍኗል። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ነው። እጃቸው ግን ከራሳቸው ተለይቶ ወደ ሳህኑ ሄዷል፤ ኩኪሱን አንስቷል፤ አፋቸው ገምጧል። ተኝተው ያኝካሉ። ልጁን ቁርጥ!

ረሻድ ንግግሩን አቋረጠ። እኔ በሕይወቴ ከአንበሳ ጋር ተፋጥጬ የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ወደ በሩ ማየት ጀመርኩ። መልስ ሳይሰማ የቀመሰ ሽማግሌ! አቶ ካሳሁን ቀና አሉ። እምቢታ ሲፈልጉ ምክንያቱ ሳህን ላይ ቀርቦላቸዋል። በቃ፣ አለቀልን።

አቶ ጉተማ በእንቅልፋቸው ተናገሩ፤ በኦሮምኛ። ቀስ ብለው፣ ጎናቸው ላለ ሰው እንደሚያወሩ ሆነው።

«አደሴ፣ ገብሱ ደርሷል» አሉ። «ገብሱ ደርሷል።»

አቶ ካሳሁን ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ ባቡር ላይ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ኦሮምኛውን ሰምተውታል። ጉተማ የት መሬት ላይ ምን እንደሚጠብቁም ባለፈው ቀጠሮ ዘር ሲጠየቅ ተነግሯቸዋል። አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ገጠሙት።

እኔ የጉተማን ትከሻ ልነካ እጄን ዘረጋሁ።

«አይቀስቅሱት» አሉ አቶ ካሳሁን።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ሰውየው አዳር ሠርተው…»

«ተዉት አልኩ እኮ! ይተኛ።»

ተቀመጥን። መልስ ሊሰማ የሄደ ሽማግሌ ተኝቶ፣ የልጅቷ አባት አይቀስቅሱት ያለበት ታሪክ ካለ አምጡልኝ። አቶ ጉተማ ግማሹን ኩኪስ በጣታቸው እንደያዙ መተንፈሳቸው ረዘመ። አቶ ካሳሁን ዓይናቸውን ከሳቸው ላይ አልነቀሉም። ሰው ሲተኛ እንደዚያ በቅናት የሚያይ ሰው አላጋጠመኝም።

«በላይነሽ ካለፈች ወዲህ» አሉ ለብቻቸው እንደሚናገሩ፣ «በዚህ ቤት ሰው ተኝቶ አላየሁም። እኔ አልተኛም። ልጅቷ ሳይነጋ ትወጣለች። ወንበር እንኳ ላይ ያንቀላፋ ሰው የለም።»

ከመጋረጃው ሥር ያሉት ጣቶች ተሰበሰቡ።

አቶ ካሳሁን ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አወለቁ፤ በጉተማ ጉልበት ላይ ጣል አደረጉት። ያኔ ነው ጉተማ የባነኑት። መጀመሪያ ጋቢውን አዩ። ከዚያ በእጃቸው ያለውን ግማሽ ኩኪስ። ከዚያ እኛን። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ያ ዋቅ! አምላኬ!» አሉና ብድግ አሉ። «ምን አደረግሁ? እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ጌታዬ። ልጄን በኔ አይቅጡት። እሱ ጨዋ ነው። እኔ… ደክሞኝ ነው።»

«ይቀመጡ» አሉ ካሳሁን።

«አልቀመጥም። ምን ፊት አለኝ?»

«ይቀመጡ እንጂ! እኔም ልቀመጥ፤ ጉልበቴን ያመኛል።»

ሁለቱም ተቀመጡ። ካሳሁን ሳህኑን ትንሽ ወደሳቸው ሳቡት።

«ልጄን አልሰጥም» አሉ።

የረሻድ ትከሻ ወደቀ። እኔ ኮፍያዬን ፈለግሁ።

«አልሰጥም» አሉ ደግመው። «እሷ ከወጣች ይሄ ቤት ግድግዳ ብቻ ነው። ዘር ብዬ ነበር፣ አጎት ብዬ ነበር። ውሸቴን ነው። ዘሩም ደህና ነው፣ አጎቷም በደብዳቤ ‹ስጥ› ካለኝ ቆይቷል። ፈርቼ ነው። ስለዚህ እኔም ልለምን። ልጅዎን ይስጡኝ። እዚህ ይግባ። እዚህ ይተኛ። አዳር ሠርቶ ሲመጣ በር የሚከፍት ሰው አለ፤ እኔ እንደሆንኩ ነቅቼ ነው የማድረው።»

ረሻድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ወንድ ልጅ ሚስቱ ቤት ይገባል እንዴ? እሺ አይሉም።»

አቶ ጉተማ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ያለውን ግማሽ ኩኪስ አገላበጡት። ብዙ ዝም አሉ። ያን ዝምታ ግን አልመዝነውም።

«መሬቴ ሲወሰድ» አሉ በመጨረሻ፣ «ማንም አልለመነኝም። መጥተው ለኩ፣ ችካል ተከሉ፣ ሄዱ። አንተ ግን ልጄን ለመንከኝ።» ቀና አሉ። «ውሰደው። ካንተ ቤት እኔ ቤት በሚኒባስ ቅርብ ነው። እሑድ እሑድ ግን እናቱ ታየዋለች።»

«እሑድ ሁላችሁም እዚህ ናችሁ» አሉ ካሳሁን። ከሳህኑ አንድ ኩኪስ አነሡ፤ ግማሹን ገመጡ። ልጃቸው በዚያ ሁሉ ወራት ስትጋግረው አንዴም ቀምሰውት አያውቁም ነበር። አኘኩ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ሮዳስ!»

መጋረጃው ተገለጠ። ፊቷ ርሷል።

«ይሄንን ግማሽ ለልጁ አድርሽ። ጋሼ ሀብቴ፣ እናንተ ምን ትጠብቃላችሁ? ብሉ እንጂ!»

በላን። እኔ ስንት እንደበላሁ አልናገርም፤ ቁጥሩን ብነግራችሁ ውሸት ይመስላችኋል፣ ለመጀመሪያ ጊዜም እውነት ይሆናል። ልጅ ልንጠይቅ ሄደን ልጃችንን ሰጥተን የመጣን ሽማግሌዎች ከኛ በፊት አልነበሩም። ስንወጣ አቶ ጉተማ ያንኑ ወንበር ላይ እንደገና አንቀላፍተዋል። ጎናቸው አቶ ካሳሁን ተቀምጠው አገጫቸው ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ። አምፖሉን እኔ ነኝ ያጠፋሁት።

ሮዳስ ቀድማኝ ዳቦ ቤት ደርሳለች። እኔ ዜናውን በር ላይ ሆኜ እንደ መድፍ ልተኩሰው ደረቴን ነፍቼ ነበር፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችብኝ።

ሶሬሳ ኬሻው ላይ ተኝቷል። ፀጉሩ ላይ ዱቄት አለ። ሮዳስ ነጠላዋን ሰብስባ ጎኑ ተቀመጠች። አልቀሰቀሰችውም። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ እስክታዘነብል እንደዚያው ቆየች።

ሲነቃ ደነገጠ። «መጡ? ምን አሉ?»

መዳፏን ከፈተችለት። ግማሽ ኩኪስ፤ ጫፉ ላይ የጥርስ ምልክት ያለበት።

«ማነው የገመጠው?»

«አባዬ።»

ሶሬሳ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየው፣ ቀጥሎ እሷን አየ። ገባው። ከእጇ ወስዶ አፉ ውስጥ አደረገው፤ ዓይኑን ጨፈነ።

ቆየ።

«ተኛህ?» አለችው።

«አልተኛሁም።»

«እንግዲያው ቃልህን ጠብቅ። ምን ጎደለው?»

«ካገባሽኝ በኋላ ነው ያልኩሽ።»

«ሶሬሳ!»

«እሺ። ጨው።»

«ጨው? ትንሽ ጨው? ይሄን ሁሉ ጊዜ?»

«ከነገርኩሽ ልኩን አግኝተሽ ለኔ መጋገሩን ትተይው ይሆናል ብዬ ፈራሁ።»

ሮዳስ ሳቀች። ያን ሳቅ በዚያ ሁሉ ዓመት አልሰማሁትም ነበር። «ነገ እጨምርበታለሁ» አለችና ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች። ሳቋ ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰዳት። እሱ አልተንቀሳቀሰም፤ መተንፈሱንም የቀነሰ መሰለኝ።

እትዬ ጠጄ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። «ጋሼ ሀብቴ! ዛሬ ኩኪስ የለም እንዴ?»

እኔ፣ ድምፄ ሲነሣ ቂሊንጦ ድረስ የሚሰማው ሰውዬ፣ በእግር ጣቴ ቆሜ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አልኩ።

«ነገ ነይ» አልኳት፤ ራሴ እንኳ እስከማልሰማው ድረስ ዝግ ብዬ። «ጨው ይጨመርበታል።»